ልጆች ለአካለ መጠን ሲደርሱ አስተማሪያቸው ማን ነው?

ሰው በአንድ ቀን ተወልዶ በአንድ ቀን አይፈጸምም። የተዘራ ገብስ ቡቃያ፣ ቡቃያው እሸት፣ እሸቱም የደረሰ ሰብል እንደሚሆን፣ ሰውም ከሕፃንነት ወደ ልጅነት፣ ከልጅነት ወደ ጉርምስና፣ ከጉርምስናም ወደ ጉልምስና በየደረጃው ይሻገራል። ወላጆች ግን ደስ የሚሰኙት በፊተኞቹ ደረጃዎች ብቻ ነው። ልጁ ጥርስ ሲያበቅል ለጎረቤት ይነገራል፤ ሲቆም ይጨበጨብለታል፤ ፊደል ሲቆጥር ይመረቃል። የወንዱ ልጅ ድምፅ በጎረነነ፣ የሴቷም ልጅ ደረት ከፍ ባለ ጊዜ ግን ያ ሁሉ የደስታ ንግግር ይቆማል፤ በምትኩም ዝምታ ወደ ቤት ይገባል። አባት ልጁን ማረስና ማጨድ ያስተምረዋል እንጂ ስለ ሰውነቱ መለወጥ ሲነግረው አይሰማም። እናትም ልጅዋን ጠጉር መፍተልና ጠላ መጥመቅ ታለማምዳታለች እንጂ በቅርብ ቀን ስለሚመጣባት ደም አንዲት ቃል አትነግራትም።

ልጅ ግን የሚነግረው ወላጅ ስላጣ ብቻ ሳያውቅ አይቀርም። ከእኩዮቹ ይሰማል፤ ከመንገድ ወሬ ይለቅማል፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ ከሚያዘው ስልክ ይማራል። እንግዲህ ጥያቄው ልጁ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚል አይደለም፤ ከማን ያውቃል፣ እንዴትስ ያውቃል የሚል ነው እንጂ። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የሚኖሩ ወላጆች፣ ይልቁንም የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው በዘመሮና በዙሪያዋ ያሉ፣ ይህን ጥያቄ ተቀምጠው ሊመክሩበት ይገባል። በየገጠሩ ቀበሌ የተማረ ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልፍ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ወረዳው ከተማ ይሄዳልና፤ ከጓደኞቹም ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። ወላጆቹ የሚያዩት ስንቅ ሊወስድ የመጣ ቀን ነው። 14 ወይም 15 ዓመት የሞላት ልጅ ያለ እናት በምታድርበት ቤት፣ ሳይነገራት የቀረው ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳት ማንም አስተዋይ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉርምስና ምን እንደ ሆነ፣ ወላጆች ስለ ትምህርቱ ምን እንደሚሉ፣ ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል፣ በመጨረሻም ቤትና ተማሪ ቤት ሥራውን እንዴት ሊካፈሉ እንደሚገባ በተራ እንመለከታለን።

ጉርምስና ምንድን ነው?

ጉርምስና በሽታ አይደለም፤ ኀጢአትም አይደለም። ፈጣሪ ሰውን ለአባትነትና ለእናትነት የሚያዘጋጅበት የተፈጥሮ ሥራ ነው። ጊዜው ሲደርስ በአንጎል ሥር ያለች፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ከአንጎል ትእዛዝ ተቀብላ ሆርሞን የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ደም ትልካለች። መልእክቱ በሴቷ ወደ እንቁልጢዎች፣ በወንዱም ወደ ዘር ፍሬዎች ሲደርስ፣ እነርሱ ደግሞ የራሳቸውን ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ከዚህ በኋላ ሰውነት መለወጥ ይጀምራል። ይህም በሴቶች ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ በወንዶችም ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል።

በሴት ልጅ በመጀመሪያ ጡት ያጎጠጉጣል፤ ቁመትም ይመዘዛል። ይህ ከተጀመረ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ አባቶች በግእዝ ልማደ አንስት ያሉት የወር አበባ ይመጣል። በደንብ የተመገበች ልጅ በ12 ወይም በ13 ዓመቷ ልታይ ትችላለች፤ ምግብ ባነሰበትና ሥራ በበዛበት ስፍራ ይዘገያል። ማኅፀን ለጽንስ የሚሆን ሽፋን በየጊዜው ያዘጋጃል፤ ጽንስ ካልተፈጠረ ያ ሽፋን ከደም ጋር ይወጣል። ነገሩ ከዚህ በቀር ሌላ ምስጢር የለውም። ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ሳይጠብቅ አንድ ጊዜ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ ዘግይቶ ቢመጣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን ከ7 ቀን አልፎ የሚፈስስ፣ ወይም ከመኝታ የማያስነሣ ሕመም ያለበት የሆነ እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

በወንድ ልጅም ድምፅ ይጎረንናል፤ ጢም ያቀነቅናል፤ ላብና ብጉር ይበዛል፤ ዘርም መፍለቅ ይጀምራል። በእንቅልፉ ሳለ ሕልመ ሌሊት ሲያገኘው ያልተነገረው ልጅ ወይ በሽታ የያዘው ይመስለዋል፤ ወይም ታላቅ ኀጢአት የሠራ መስሎት ይጨነቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያን ዕለት ከቅዱስ ቁርባን ይከለከላል እንጂ ሳያስበው በእንቅልፉ ስለ ሆነው ነገር እንደ ዘማዊ አይቈጠርም። ይህን አባቱ ወይም የነፍስ አባቱ አስቀድሞ ቢነግረው ልጁ ከብዙ ጭንቀት ይድን ነበር።

በዚህ ስፍራ አንድ ዋና ነገር ልብ ማለት ያሻል። የወር አበባ መታየት ሰውነት ለመውለድ ተሰናዳ ማለት አይደለም። ሕፃኑ የሚያልፍበት የዳሌ አጥንት ከዚያ በኋላ ገና ለዓመታት ያድጋል። የአእምሮም ብስለት ከሰውነት ለውጥ ወደ ኋላ የሚቀር ነው። በቁመት እናቷን ያከለች ልጅ በአጥንትም በአሳብም ገና ልጅ ናት።

በመጽሐፍ ያለው ትምህርት

በተማሪ ቤት ይህ ትምህርት የለም ማለት አይቻልም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ መራባት አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ስለ ሰው ጤናና ስለ ምግብም ሌላ ምዕራፍ አለው። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ የግብረ ገብ ትምህርትም ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ይታያል።

የመጀመሪያው የጊዜ ነው። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ 9ኛ ክፍል የሚደርሰው በ15 ዓመቱ ነው። በገጠር ዘግይቶ የሚገባው ደግሞ በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ይደርሳል። ምዕራፉ ሲከፈት ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ደሙን ካዩ ቆይተዋል፤ አንዳንዶቹም ተድረው ከተማሪ ቤት ወጥተዋል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ገሳ መስጠት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ልጂቱ ስለ ራሷ ማኅፀን የምትሰማው በባዕድ ቃል ነው፤ ለፈተና ታጠናዋለች፤ ፈተናው ሲያልፍ ትረሳዋለች። እናት መጽሐፉን ገልጣ ብታይ አታነበውም። አስተማሪውም ቢሆን፣ ይልቁንም ወንድ ሲሆን፣ አማርኛውን ሲናገር እያፈረ እንግሊዝኛውን በሰሌዳ ጽፎ ያልፋል። ስለዚህ ትምህርቱ በመጽሐፍ እያለ በልጂቱ ዘንድ እንደሌለ ይሆናል። በገዛ ቋንቋዋ፣ በጨዋ አነጋገር ሊነግራት የሚችል ሰው ከቤቷ በቀር ከወዴት ይመጣል?

ወላጆች ምን ይላሉ?

ስለዚህ ጉዳይ ወላጆች ሲነጋገሩ የሚሰማው አሳብ ብዙ ቢሆንም በአራት ይጠቃለላል። ሁሉንም በቅንነት እንመርምር፤ ከፍቅር የመጣ ፍርሃት ሊነቀፍ አይገባውምና።

አንደኞቹ፣ «ያልተነካ ዓይን መግለጥ ነው፤ ልጅ የማያውቀውን ቢነግሩት ይሞክረዋል» ይላሉ። ይህ ፍርሃት በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ያሉ ወላጆች ይሉታል። ስለዚህም ጉዳዩ በብዙ አገር ተመርምሯል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ስለዚህ ትምህርት መመሪያ ባወጣ ጊዜና በ2010 ዓ.ም ባሻሻለውም ጊዜ የተሰበሰቡት ጥናቶች እንዲህ ያለው ትምህርት ልጆችን ወደ ድርጊቱ እንደማያስቸኩል አሳይተዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ የሚያዘገይ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ ለአእምሮም የሚቀርብ ነው። ገደል መኖሩን የተነገረው መንገደኛ ይጠነቀቃል፤ ያልተነገረው ግን በጨለማ ይገባበታል።

ሁለተኞቹ፣ «ይህ የእናትና የአባት ሥራ ነው፤ አስተማሪ ምን አገባው?» ይላሉ። ይህ አሳብ እውነት አለበት። በኦሪት ዘዳግም እስራኤል የታዘዙት ሕጉን በቤት ሲቀመጡም በመንገድ ሲሄዱም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌም አባት ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስለ ሴሰኝነት አደጋ ያለ ሽፍንፍን ሲመክረው እናነባለን። ጢሞቴዎስም እምነቱን በመጀመሪያ ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነበር። እንግዲህ ሥራው የቤት ነው የሚል ወላጅ ትክክለኛ ነገር ተናግሯል፤ ነገር ግን ሥራው የእኔ ነው ያለ ሰው ሊሠራው ይገባል። ራሱ ሳይናገር አስተማሪውንም ዝም በል የሚል የሆነ እንደ ሆነ ልጁን ለመንገድ ወሬ አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው ልጆቹ ስለበደሉ ብቻ አይደለም፤ እርሱ በጊዜው ስላልከለከላቸው ጭምር ነው።

ሦስተኞቹ፣ «መጽሐፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ባህላችንንና ሃይማኖታችንን የሚያፈርስ ነገር ሊኖርበት ይችላል» ይላሉ። በእርግጥም በ2006 ዓ.ም የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ መንግሥታት ሚኒስትሮች በኬፕ ታውን ተሰብስበው ይህን ትምህርት ለማስፋፋት ቃል ሲገቡ አገራችንም ነበረችበት። በሌላ አገር የተጻፈ ሁሉ ለእኛ አይስማማም፤ ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው፤ ግዴታም አለበት። ነገር ግን መጠየቅ ማለት ሳያዩ መንቀፍ አይደለም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ ስላለ በዚያ በኩል መጽሐፉ ይቅረብልን፣ በአማርኛ ይነበብልን፣ ይህ ይቆይ፣ ይህ ይብራራ ማለት ይቻላል። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ አባላዘር በሽታ፣ እምቢ ስለ ማለትና ስለ መከበር የሚናገረው ክፍል ከየትም ቢመጣ ሃይማኖታችን የማይቃወመው ነው። ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ይገባል እንጂ ከእንክርዳዱ የተነሣ አውድማውን ማቃጠል አይገባም።

አራተኞቹ፣ በቁጥር አነስ ቢሉም ድምፃቸው ሊሰማ የሚገባው፣ «እኛ ሳናውቅ ተጎድተናል፤ ልጆቻችን ይወቁ» የሚሉት ናቸው። ከእነዚህም የሚበዙት እናቶች ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው፣ የመጀመሪያ ደማቸውን በአማታቸው ቤት ያዩ፣ ምን እንደ ሆነም የሚጠይቁት ሰው አጥተው ያለቀሱ እናቶች በደጋው አገር ጥቂት አይደሉም። የእነዚህን ምስክርነት ከመጽሐፍ በላይ እናከብረዋለን።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ሴቶች ልጆች ደም ከማየታቸው በፊት ይዳሩባቸው በነበሩ አንዳንድ የገጠር አካባቢዎች፣ የወር አበባ የሚመጣው ከወንድ ጋር በመገናኘት ነው የሚል አሳብ ከጥንት ጀምሮ ተወርዷል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ነገር ግን ሐሰቱ እውነተኛ ጉዳት ያደርሳል። ደሟን ያየች ንጽሕት ልጅ፣ «ከማን ጋር ነበርሽ?» የሚል ጥያቄ ፈርታ ልብሷን ደብቃ ታጥባለች፤ እርጥቡን ጨርቅ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ትሰቅለዋለች፤ ሳይደርቅም መልሳ ትታጠቀዋለች፤ ከዚህም የተነሣ ማሳከክና ቁስለት ያገኛታል። በክፍል ውስጥ ልብሷን ያበላሸች ቀን የሳቁባት ወንዶች ልጆች ደግሞ ነገሩን ማንም ያላስተማራቸው ናቸው። ልጂቱ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀራለች፤ ከትምህርቱ ወደ ኋላ ትላለች፤ ፈተናም ትወድቃለች። ወላጅም፣ «ትምህርቱ አልሆነላትም፤ ደግሞም ደርሳለች» ብሎ ሽማግሌ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የተጀመረው ሳይነገር ከቀረ ከአንድ ቃል ነው።

የጋብቻን ዕድሜ ሕጉ በግልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም፣ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርገውታል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች ከ100 ውስጥ 40 ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ሆነው ተገኝተዋል። ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ደግሞ ግማሾቹ በ17 ዓመት ዕድሜ ገደማ አግብተው ነበር፤ በአማራ ክልል ያለው ከዚህም ያነሰ ነው። ሕግ በወረቀት ላይ ብቻውን አይቆምም፤ በወላጅ ልብ ውስጥ እውቀት ሲደግፈው ይቆማል።

የዳሌ አጥንቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ምጥ ሲጸናባት ቀናት ያልፋሉ፤ ሕፃኑ ይሞታል፤ እርሷም ፊስቱላ በሚባለው ጉዳት ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም ወደ አገራችን መጥተው፣ ኋላም በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቁመው ዕድሜያቸውን የፈጸሙት ይህን ጉዳት በመጠገን ነው። ብዙዎች ተፈውሰዋል፤ ነገር ግን ከመጠገን አለመስበር ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሳንሸፋፍን ልንናገረው ይገባል። ዲያቆን ቅስና ሳይቀበል በተክሊል ድንግል ማግባት እንዳለበት ሥርዓቱ ያዝዛል። ይህን ሥርዓት ምክንያት አድርገው፣ ልጂቱ ድንግልናዋ የታመነ እንዲሆን ገና በሕፃንነቷ የሚያጩና የሚድሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። ሥርዓቱ ግን ድንግልናን ይጠይቃል እንጂ ሕፃንነትን አይጠይቅም። ድንግልና የሚጠበቀው በዕድሜ ማነስ አይደለም፤ በእውቀት፣ በፈሪሃ እግዚአብሔርና በፈቃድ ነው። በ18 ዓመቷ ራሷን ጠብቃ ወደ ተክሊል የምትመጣ ልጅ፣ ምን እንደሚደረግባት ሳታውቅ ከምትመጣው ይልቅ ቃል ኪዳኑን በእውነት ትፈጽመዋለች።

የመንዝ አባቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትተውልናል። የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ፣ ለዓመታት ዘግተውት ይቆያሉ፤ መድረሱም ሲታወቅ በአዋጅ በአንድነት ያጭዱታል። ከጊዜው በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣ ነበር። ሣሩ ካለጊዜው ከታጨደ ሥሩ እንደሚጠፋ ያውቁ ነበርና። ለሣር የታሰበው ጥበብ ለልጅ እንዴት ይነሣታል?

ስለ ልማደ አንስት የተሳሳተ አሳብ

አንዳንድ እናቶች በልማደ አንስት ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባትን ሲያስተምሩ ልጂቱ ራሷ የረከሰች እንደ ሆነች አድርገው ይነግሯታል። ሥርዓት ሌላ ነው፤ ነቀፋ ሌላ ነው። ሴት በዚያ ጊዜ በቅጽር ቆማ ትጸልያለች፤ ጸሎቷም ይሰማል። በወንጌል የምናነበው 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት በፍርሃት ከኋላ መጥታ የጌታን ልብስ በዳሰሰች ጊዜ አላሳፈራትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት፤ በሰላምም አሰናበታት። እርሱ ልጄ ያላትን እኛ በምን ሥልጣን እናሳፍራታለን? ስለዚህ ሥርዓቱን ስናስተምር ምክንያቱንና ክብሩን ጨምረን እናስተምር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ቤት ይቅደም። እናት ልጅዋ 9 ወይም 10 ዓመት ሲሞላት፣ ደሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ብቻዋን ባገኘቻት ጊዜ፣ «ልጄ፣ እኔም ያየሁት፣ አያትሽም ያየችው ነገር በአንቺም ይመጣል፤ ስታዪው አትደንግጪ፤ ለእኔ ንገሪኝ» ትበላት። ይህ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ልጂቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ጨርቅ ከሆነ የሚያዘው በሳሙና አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ በቀን ውስጥም ደጋግሞ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ታሳያት። ለሞዴስ መግዣ ገንዘብ ማጣት በገጠር እውነተኛ ችግር ነው። በመቀሌ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ዳግመኛ የሚያገለግል ሞዴስ በአገር ውስጥ በመሥራታቸውና ይህን ነውር ያስመሰለውን አሳብ በመቃወማቸው በ2012 ዓ.ም የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። ስፌት የምታውቅ እናትም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ደርባ በቤቷ ልታዘጋጅላት ትችላለች።

አባትም ከዚህ ሥራ ነጻ አይደለም። ወንድ ልጁን ከከብት ሲመለሱ ወይም ወደ ገበያ ሲሄዱ በመንገድ ያነጋግረው። ስለ ራሱ ሰውነት ይንገረው፤ እኅቱንና የክፍል ጓደኛውን ማክበር እንዳለበት፣ በደም በተበላሸ ልብስ የሚስቅ ወንድ በእናቱ እንደ ሳቀ መሆኑን ያስረዳው። ለሴት ልጁም የትምህርት መሣሪያ ሲገዛ የሳሙናና የሞዴስ ገንዘብ ከስንቁ ጋር ይቁጠር።

በሁለተኛው፣ ወላጅ አፍ ቢይዘው የክርስትና እናትና የክርስትና አባት አሉ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ፣ ለወንዱ ወንድ፣ ለሴቷም ሴት ተመርጦ ቃል የሚገባው ለበዓል ድግስ ብቻ አይደለም። ልጁን በሃይማኖትና በምግባር ለማሳደግ ነው። እናቷን የምታፍር ልጅ የክርስትና እናቷን ላታፍር ትችላለች። ይህ ከማንም ያልተዋስነው፣ በእጃችን ያለ መንገድ ነው። የነፍስ አባቶችም በየቤቱ ሲገቡ ወላጆችን፣ «ለልጆቻችሁ ነግራችኋልን?» ብለው ይጠይቁ።

በሦስተኛው፣ ተማሪ ቤት ያግዝ። ትምህርቱ ሳይዘገይ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአማርኛ፣ ለሴቶች በሴት አስተማሪ፣ ለወንዶችም በወንድ አስተማሪ ለየብቻ ይሰጥ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶችና የአገሩ ልጆች ስለ ሆኑ ይጋበዙ። ውሃ ያለው፣ በር የሚዘጋ የሴቶች መጸዳጃ ቤት የሌለው ተማሪ ቤት ስለ ንጽሕና ቢያስተምር ቃሉ ከንቱ ይሆናልና፣ ወላጆች በእድራቸውና በጉልበታቸው ይህን ይሥሩ።

ወላጅና ማኅበረሰብ ሲተባበሩ ነገሩ እንደሚለወጥ በክልላችን የታየ ምስክር አለ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም በምዕራብ ጎጃም፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ በሞሰቦ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ሴቶች ልጆች የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ ከአካባቢው የተመረጡ ሴቶች ይመክሯቸዋል፤ ወላጆችና ሽማግሌዎች ስለ ልጅነት ጋብቻ በጉባኤ ይወያያሉ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ሥራውን ለፈጸሙ ቤተሰቦችም አንዲት በግ ወይም ፍየል ትሰጣለች። ሥራው ሲመረመር ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ሥራው ካልደረሰበት አካባቢ ካሉት ይልቅ በጣም ጥቂቶቹ ብቻ ተድረው፣ በተማሪ ቤትም ብዙዎቹ ጸንተው ተገኝተዋል። ይህ የሆነው ወላጆችን በመሳደብ አይደለም፤ በማስተማርና በማወያየት ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ተማሪ ቤት ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንደማይገኝ ይህ ዘመን አስተምሮናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ደዌ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች በቤት ተቀምጠዋል። መጽሐፉ በተዘጋ ጊዜ የልጁ ሰውነት ማደጉን አያቆምም፤ የልጂቱም ደም ሰላም እስኪሆን አይጠብቅም። በዚያን ጊዜ የሚቀረው አስተማሪ ወላጅ ብቻ ነው።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፣ በርእሱ የተጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው አስተማሪ ቤት ነው፤ ተማሪ ቤት ረዳቱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የሁለቱ መካሪ ናት። አንዱ የሌላውን ድርሻ ቢነቅፍ ልጁ በመካከል ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጉርምስና ደግሞ በሽታ እንኳ ሳይሆን ስንደብቀው በሽታ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ እሳት ዳር ስንቀመጥ፣ ለልጆቻችን አንዲት ቃል እንጀምርላቸው። ጌታችን በ12 ዓመቱ በመቅደስ መምህራንን ሲጠይቅ ተገኝቷል፤ ልጆቻችንም በዚያ ዕድሜ ብዙ ጥያቄ አላቸው። የሚጠይቁት መምህር እንዳያጡ እኛ እንሁንላቸው።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጤናና በጥበብ ያሳድግልን፤ ለእኛም የሚናገር አፍና የሚያስተውል ልብ ይስጠን። አሜን።